ጾም የማታውቀው የጓሮ ዶሮ

በዓለ ትንሣኤ ሲቃረብ የዶሮ ዋጋ የማያነጋግረው ቤት የለም። በቃሊቲ በጓሮው ዶሮ የሚያረባውን ቤተሰብ ግን «ሲሳዩ ከደጁ ነው» እንለዋለን። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ አመለካከት ይበልጥ ጎልቷል።

ይሁን እንጂ ዶሮ ጾም አታውቅም። እኛ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከእንቁላል ስንከለከል እርሷ መጣሏን አታቋርጥም። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንዲሉ፣ መኖዋንም ትሻለች። እንቁላሉ ገዢ ሲያጣ ወጪው ይቀጥላል፤ የአርቢው ተስፋም በበዓሉ ዋዜማ ገበያ ላይ ይወድቃል።

ፈተናው የሚመጣው በዚሁ ሰዓት ነው። ፈንግል የተባለው በሽታ ከገባ በጥቂት ቀናት መንጋውን ሊፈጅ ይችላል፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። መከላከያ ክትባቱ ግን በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ከተማ ይመረታል። የታመሙትን ሳይሞቱ ለመሸጥ መጣደፍ ደዌውን ወደ ባልንጀራ ጓሮ ማሻገር ነው። ስለዚህ ጤነኞቹን አስቀድመን እናስከትብ፤ የታመሙትን ከደጅ አናውጣ፤ የሞቱትንም በጥልቅ እንቅበር። ለጎረቤት ማሰብ የጾም ፍሬ ነውና።

መልካም በዓል!