ከምስጥ ፌስታል እስከ ማይግሬን መርፌ

በፈረንጆቹ 1980 አንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ከኬንያ የተላከ አጭር ዘገባ አትሞ ነበር። ሰዎች ለቀናት በፌስታል ታስሮ የቆየ ምስጥ በልተው ታመዋል፤ የሞቱም አሉ። ምስጥ በብዙ የኬንያ አካባቢዎች የሚወደድ ምግብ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። አየር ባጣው ፌስታል ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ፣ ኦክስጅን የማይስማማው ባክቴሪያ ተራብቶ መርዙን አመረተ። ሳይንስ ከሚያውቃቸው መርዞች መካከል ይህን የሚስተካከል ማግኘት ይቸግራል። ይኸው መርዝ ዛሬ እጅግ ቀጥኖ፣ በብልቃጥ ተሞልቶ ለማይግሬን ይሰጣል።

ጡንቻ እንዲኮማተር ነርቭ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል መልቀቅ አለበት። ኬሚካሉ በነርቩ ጫፍ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ይጠብቃል። ከረጢቶቹ ከነርቩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው እንዲከፈቱ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ቦቱሊነም ዓይነት ኤ የተባለው መርዝ ከእነሱ አንዱን፣ ስናፕ-25ን፣ ይቆርጠዋል። ነርቩ አይሞትም፤ ትእዛዙ ግን ከጡንቻው አይደርስም። መርዙ በደም ከተሰራጨ የዓይን ሽፋን ይወድቃል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል።

ሳንፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት በ1970ዎቹ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ አንዲት ጡንቻ ብቻ እንድትዝል ብንፈልግስ? ሸውራራ ዓይንን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማቃናት ሞከረው፣ ተሳካለት። አሜሪካ በ1989 መድኃኒቱን ለሸውራራ ዓይንና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ሽፋን ፈቀደች። የአንገት መጣመም፣ ከመጠን ያለፈ የብብት ላብ፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የእጅ መገተር፣ ሽንት መቋጠር አለመቻል ተራ በተራ ተከተሉ። የፊት መጨማደድ ይበልጥ ዝና አተረፈለት እንጂ የመነሻው ዓላማ እሱ አልነበረም።

ከማይግሬን ጋር ያገናኘው ግን ያው መጨማደድ ነው። በ1990ዎቹ የሎስ አንጀለሱ ሐኪም ዊልያም ባይንደር ለግንባራቸው መስመር የወጓቸው ሰዎች ራስ ምታታቸውም እንደቀለለላቸው ሲናገሩ አስተዋሉ። በመጀመሪያ ምክንያቱ የጡንቻው መላላት መሰለ። አሁን የሚታመነው ግን መርዙ ሕመም አስተላላፊ ነርቮች ሲጂአርፒ የመሰሉ፣ ሕመሙን የሚያባብሱ ኬሚካሎችን እንዳይለቁ እንደሚያግድ ነው። ሐኪሙ በግንባር፣ በጆሮ ግንድ ዙሪያ፣ በማጅራትና በትከሻ 31 ቦታ ላይ በድምሩ 155 ዩኒት ይወጋል። በየ12 ሳምንቱ ይደገማል፤ የተቆረጠው ፕሮቲን ስለሚተካ ውጤቱ ይጠፋል።

ምን ያህል ይረዳል? 1,384 ሕሙማን በተሳተፉባቸው ሁለት ትላልቅ ጥናቶች፣ መድኃኒቱን የተወጉት ከ24 ሳምንት በኋላ በወር ወደ 8.4 የሚጠጋ የራስ ምታት ቀን ቀነሰላቸው። መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉትም 6.6 ቀን ቀነሰላቸው። ልዩነቱ ሁለት ቀን አይሞላም። ወሩን ሙሉ ለሚሰቃይ ሰው ሁለት ቀን ብዙ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። በ2010 የተፈቀደውም ሥር ለሰደደ ማይግሬን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሦስት ወር በላይ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን ለሚያመው፣ ከእነዚህም ቢያንስ በስምንቱ ቀን ሕመሙ የማይግሬን ጠባይ ለሚያሳይበት ሰው። አልፎ አልፎ ለሚነሳ ማይግሬን ጥቅሙ አልታየም።

ማይግሬን የፈረንጅ በሽታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖት የተሳተፉበትና በ2016 የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ 17.7 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች ማይግሬን እንደያዛቸው አሳይቷል። ከስድስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው።

ሕክምናው ግን ለሁሉም ቅርብ አይደለም። በድንበር ከተማዋ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ኦዳ በሚባለው አካባቢ ለሚኖር ሕመምተኛ ናይሮቢም አዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ በሞያሌ ሙቀት ምንጩ ያልታወቀ ብልቃጥ በእጅ ተይዞ መጣ ቢባል መሸሽ ነው። በ2004 ፍሎሪዳ ውስጥ ፈቃድ የሌለው መርዝ የተወጉ አራት ሰዎች ሽባ ሆነው ሆስፒታል ገብተዋል።

ለሞያሌው ሕመምተኛ የመጀመሪያው ሕክምና ደብተርና እስክሪብቶ ነው እላለሁ። ያመመውን ቀን፣ የዋጠውን ክኒን ይጻፍ። ፓራሲታሞል ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታቱን ሊያባብስበት ይችላል፤ ብዙዎች ይህን የሚነግራቸው አያገኙም። ቀጥሎ ማይግሬንን አስቀድመው የሚከላከሉ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የተባሉ ክኒኖች አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ማቀዝቀዣም አይሹም። ፕሮፕራኖሎል ግን አስም ላለበት አይሆንም፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም አይጀመርም።

በጥንቃቄ ቀዝቅዞ የመጣ ጥቂት ብልቃጥ ድንበር ላይ ላለ ሆስፒታል ቢደርስስ? እኔ ወረፋውን ከማይግሬን አልጀምረውም። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሽፋኑ እየተጨፈነ መንገድ መሻገር ላቃተው ሰው ክኒን እምብዛም አይረዳውም፤ ሲወለድ አንጎሉ ተጎድቶ እግሩ የተገተረ ሕፃንም መርፌውን ከፊዚዮቴራፒ ጋር ቢያገኝ ተረከዙን መሬት ማስነካት ሊለምድ ይችላል። መርፌው መጀመሪያ የእነሱ ነው።