ፓስፖርት ልናወጣ ከመነሣታችን በፊት



በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ በሚባለው ሰፈር የምንኖር ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ካላችሁት ወገኖቻችን የምንለየው አጥርና የካምፕ በር የሌለን በመሆናችን ነው። ቤት ተከራይተን ከከተማው ድሃ ጋር ጎን ለጎን እንኖራለን። ጎረቤቶቻችን ጫማ በመስፋትና ብረት በመቀጥቀጥ የሚተዳደሩት የገቦዬ ወገኖች ናቸው። ሐሳባችን ግን ከእናንተ ሐሳብ አይለይም። ሻይ ቤት ብንቀመጥም፣ ለቅሶ ብንደርስም፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወረቀት ላይ ያርፋል። ከሁሉም ይበልጥ የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ «ፓስፖርት ባወጣስ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ባሏ ውጭ አገር ያለ እናት «አንቺ ፓስፖርት ይኑርሽ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» ትባላለች። ወጣቱ የትምህርት ዕድል ይታየዋል። ሌላው እናቱ ታማበት በወጃሌ በኩል ብቅ ብሎ መመለስ ይፈልጋል። ሁሉም ምክንያት አለው። ነገር ግን ያለቦታው የወጣ ፓስፖርት ስንት ዓመት የተጠበቀ ፋይል ሊያዘጋ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ የምናውቀውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

የገጠር ሰውና ወረቀት

አብዛኞቻችን የገጠር ሰዎች ነን። የተወለድነው ቤት ውስጥ ነው፤ የልደት ቀናችንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እናቶቻችን «በድርቁ ዓመት፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ» ብለው ነው የሚያስታውሱት። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በመላ አገሪቱ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአዋጁ መሠረት መመዝገብ የጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ የልደት ወረቀት ባይኖረው ምን ይገርማል?

ይህ ሰው አገሩ ላይ ሆኖ ፓስፖርት ላውጣ ቢል እንኳ መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ መታወቂያ ያስፈልገዋል፤ ቀጥሎ የልደት የምስክር ወረቀት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል ቢባልም፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው ኢንተርኔት ማለት ከተማ ያለው ኢንተርኔት ቤት ነው። ፎርሙን ገንዘብ ተቀብሎ የሚሞላለት ልጅ ስሙን እንደመሰለው ይጽፈዋል፤ ያ ስሕተት ፓስፖርቱ ላይ ታትሞ ይወጣል። በመጨረሻም አሻራና ፎቶግራፍ ለመስጠት ራሱ መቅረብ አለበት። ከቤቱ ወጥቶ፣ ተሳፍሮ፣ ከተማ አድሮ ማለት ነው።

እንግዲህ አገር ቤት ያለው እንዲህ ከሆነ፣ ምንም ሳይዝ የወጣ ስደተኛ እንዴት ይሁን? አንዳንዱ ዘመድ ልኮ ቀበሌውን ያስጠይቃል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የሸሸነው ከዚያው አካባቢ ባለሥልጣን ከሆነ ዘመዳችንን ልከን «እገሌ የት ነው ያለው?» የሚል ጥያቄ በቤተሰቡ ላይ ማምጣት ይሆናል።

ፓስፖርት ለስደተኛ ምን ማለት ነው?

ፓስፖርት ሲያዩት ደብተር ነው። በውስጡ ያለው ቁም ነገር ግን መንግሥት ለሌሎች መንግሥታት «ይህ ሰው ዜጋዬ ነው፤ አሳልፉልኝ፤ ቢቸገርም እርዱልኝ» ብሎ የሚጽፈው ቃል ነው። ስደተኛ ደግሞ በሕጉ አተረጓጎም ከአገሩ መንግሥት ጥበቃ ለማግኘት ያልቻለ ወይም ከፍርሃቱ የተነሣ ያልፈለገ ሰው ነው። ታዲያ ስደተኛው ሄዶ ፓስፖርት ሲጠይቅ «ጠብቁኝ» እያለ ነው ተብሎ ሊተረጎምበት ይችላል።

ይህ የሻይ ቤት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1(ሐ) ላይ በገዛ ፈቃዱ ወደ ዜግነት አገሩ ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኛነቱ እንደሚያበቃ ይናገራል። ሆኖም ነገሩ ጥቁርና ነጭ አይደለም። ዩ ኤን ኤች ሲ አር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው መመሪያ መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ሰውየው በፈቃዱ ነው ወይ ያደረገው? ጥበቃውን ለማግኘት አስቦ ነው ወይ? በእርግጥስ ጥበቃውን አግኝቷል ወይ? ለምሳሌ የሚኖርበት አገር ባለሥልጣን ሳይወድ «ከቆንስላህ ፓስፖርት አውጣ» ብሎ ቢያዘውና ቢታዘዝ፣ በዚያ ብቻ ስደተኛነቱን አያጣም። የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ ከአገር ቤት ማስመጣትም ወደ ጥበቃ መመለስ ተብሎ አይቆጠርም። የታመመ ወላጅን ለማየት ደርሶ መመለስም አዘውትሮ ለንግድ ከመመላለስ ጋር እኩል አይታይም። ቢሆንም ማስረዳቱ የእኛ ዕዳ ነው፤ ፓስፖርት አውጥቶ የተገኘ ሰው ሌላ ምክንያት ካላሳየ በቀር ጥበቃ ፈልጎ ነው ተብሎ ይገመታል።

ሐርጌሳ ውስጥ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። ለሥራ መጥቶ የሚኖር፣ ከመንግሥት የሚሸሸው ነገር የሌለው ኢትዮጵያዊ ሄዶ ፓስፖርት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ አንዳች የሚያጣው የለም። እኛ የምንለው ስደተኛ ተብሎ ለተመዘገበውና ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ላለው ነው። የሁለታችን መንገድ አንድ አይደለም፤ ጎረቤቴ አውጥቶ ምንም አልሆነም ማለት አያዋጣም።

የስደተኛ ደብተር ከየት መጣ?

«ታዲያ ስደተኛ እንዲሁ ታስሮ ይቅር?» ብትሉ፣ አይደለም። የሩሲያ አብዮት ብዙ ሰው አገር አልባ ባደረገበት ዘመን የኖርዌዩ ፍሪትዮፍ ናንሰን የመንግሥታት ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1921 ተሾመ። በ1922 ለእነዚህ ሰዎች የናንሰን ፓስፖርት የተባለ ወረቀት እንዲሰጥ አደረገ። 450,000 ያህል ሰዎች ይዘውታል። ሠዓሊው ማርክ ሻጋልና የሙዚቃ ሰው ኢጎር ስትራቪንስኪም ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ስደተኛ መሆን ሰውነትን አያሳንስም ማለት ነው።

የዚያ ወረቀት ልጅ ዛሬ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይባላል። በ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 28 ተደንግጓል። የሚሰጠውም ስደተኛው በሕጋዊ መንገድ የሚኖርበት አገር መንግሥት ነው። ክፍያው ለአገሬው ፓስፖርት ከሚከፈለው ከዝቅተኛው እንዳይበልጥ ስምምነቱ ያዛል። ሰነዱን መያዝ ዜግነትን አይነካም፤ የሰጠው አገርም ሰነዱ እስካላለፈበት ድረስ መልሶ ሊያስገባን ግዴታ አለበት።

ዳሚ ላይ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ሶማሊያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሶማሌላንድ ከሜይ 18 ቀን 1991 ጀምሮ ራሴን ችያለሁ ብላ የምትተዳደር ብትሆንም የተባበሩት መንግሥታት አባል አይደለችም፤ በስምምነቱም ላይ የራሷ ፊርማ የለም። ስለዚህ ይህን ደብተር እዚህ ማግኘት ቀላል አይደለም። ካምፕ ያላችሁት ግን ያላችሁበት አገር የሚሰጥ ከሆነ ጠይቁ። ባለመጠየቅ የቀረ ብዙ ነው።

አንድ ሌላ በር አለ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ1945 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአስቸኳይ የጉዞ ሰነድ ይሰጣል። ከ500,000 በላይ ሰዎች ተጉዘውበታል። በነፃ ነው። ለአንድ ጉዞ ብቻ ሲሆን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሰውየው ሌላ የጉዞ ወረቀት የሌለው መሆኑን፣ የሚቀበለው አገር ቪዛ እሰጣለሁ ማለቱን፣ የሚወጣበት አገርም ውጣ ብሎ መፍቀዱን። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ለሦስተኛ አገር ሰፈራ ወይም ለቤተሰብ መቀላቀል ጉዳዩ ያለቀለት ሰው «ፓስፖርት የለኝምና ልቀር ነው» ብሎ አይደንግጥ። ዋናው ተቀባይ አገር ማግኘቱ ነው፤ ማለፊያ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የሚፈለግ ነገር ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ገልብጠን ከደብተሩ እንጀምራለን።

የተገዛ ወረቀት

ደላላ የሚኖረው በዚህ መገለባበጥ ነው። «ሳትሄድ አወጣልሃለሁ» ይላል። አሻራ የሚሰጠው በአካል ከሆነ ሳይሄዱ የሚወጣው ፓስፖርት የማን አሻራ ይኖረዋል? ወይ የሌላ ሰው ነው፣ ወይ ሐሰተኛ ነው። አሻራችን በዩኤን መዝገብ ላይም አለ። ነገ ኢንተርቪው ላይ ሁለት ስም ይዘን ብንገኝ የመጀመሪያው እውነታችን ራሱ ይጠረጠራል።

የሐርጌሳ ሰው ይህን ከእኛ በፊት አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማው ሲደበደብ ሸሽቶ የገባው ወደ እኛው አገር ነበር፤ ከጅጅጋ በታች ያለው የሐርትሼክ ካምፕ የተከፈተው ያኔ ነው። የተዘጋው በ2004 ነው። መንግሥቱ በ1991 ከፈረሰ በኋላ ደግሞ የሶማሊያ ፓስፖርት በገበያ እንደ ሸቀጥ ይሸጥ ጀመር። ውጤቱ ምን ሆነ? ብዙ አገሮች ደብተሩን አንቀበልም አሉ፤ በእውነት ያወጣውም ከገዛው ጋር አብሮ ተቀጣ።

ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ሥራ

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ፓስፖርት ቢኖረንም ባይኖረንም ከአሁኑ ልናስተካክለው የምንችለው ነገር አለ።

አንደኛ፣ ስም። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ሚስት የባሏን ስም አትይዝም። የውጭ አገር ሰው ግን እናትና ልጅ በአያት ስም ሲለያዩ «ልጅሽ አይደለም እንዴ?» ይላል። ይህንን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ሙሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። በመጀመሪያ በተመዘገብንበት ወረቀት ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ ክሊኒክም ትምህርት ቤትም ያንኑ አስጽፉ። ስሕተት ካለ አሁኑኑ እንዲታረም አመልክቱ።

ሁለተኛ፣ ቀን። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ቤተሰብ የሚለያየው ግን በዚህ ነው። አንድ ልጅ ታኅሣሥ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። በፈረንጅ ዲሴምበር 15 ቀን 2011 ነው። አባት ለጸሐፊው «5/4/2004» ብሎ ከነገረውና እንዲያው ከተጻፈ፣ ወረቀቱ ላይ ልጁ ኤፕሪል 5 ቀን 2004 የተወለደ ይሆናል። በእውነቱ 18 ዓመት የሚሞላው በ2029 መጨረሻ ሲሆን በወረቀቱ ግን በ2022 ሞልቶታል። በብዙ አገሮች ሕግ ከወላጁ ጋር የሚቀላቀለው ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው። ልጁ ገና ሕፃን ሆኖ ሳለ «ትልቅ ሰው ነው» ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ ቀን ስትናገሩ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ማለትን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ (ቁጥር 378/1996) ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን የሚያስረዳለት ግን ወረቀት ነው። የተወለደበትን የጤና ጣቢያ ወረቀትና የክትባት ካርዱን አስቀምጡ፤ በቤተሰቡ ፋይል ላይም ወዲያው አስመዝግቡት።

አራተኛ፣ ማንኛውንም ማመልከቻ ከመፈረም በፊት ጉዳያችሁን የያዘውን የዩ ኤን ኤች ሲ አር ሠራተኛ ወይም ለስደተኞች በነፃ የሚያማክር የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ፓስፖርት ቀድሞ የወጣለትም ሰው ካለ አይደብቅ፤ መቼና ለምን እንዳወጣው ራሱ ቢናገር ሌላ ሰው ከሚናገርበት ይሻለዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን። እኛ ያፈሰስነውን የምንለቅምበት ሁለተኛ ዕድል ላይኖረን ይችላል። ስማችሁንና ቀናችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት፤ ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም የእሱን አንብቡለት።

ቸር ያገናኘን።