ቦሎቄ የተከሰሰበት ሕመም

በዕረፍታችን ወራት ከመካከላችን ሁለቱ ወደ አዋሽ መልካሳ ወርደው ሰንብተው ነበር። ያረፉበት ቤት እመቤት የአንደኛው ጓደኛችን አክስት ናቸው። ማዕዱ ሲቀርብ ሌላውን ሁሉ እያጎረሱ ራሳቸው ግን ከሁለት ጉርሻ አያልፉም። ለምን ቢባሉ፣ «ቦሎቄ ጠላቴ ሆነ እኮ፤ ሆዴን ይነፋኛል» አሉ። ከቦሎቄው በፊት ሽሮውን፣ ከሽሮው በፊት ቡናውን ትተዋል። በየጧቱ ተልባ ይጠጣሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ቀሚሳቸው በወገቡ በኩል ስለ ጠበበ ጎረቤት «ወፈርሽ ደግሞ!» ይላቸዋል፤ ክንዳቸው ግን ከስቷል። በመጨረሻ በልጆቹ ጉትጎታ አዳማ ሄደው በአልትራሳውንድ ሲታዩ፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ በእንቁልጢያቸውም ላይ ዕጢ በቅሎ ተገኘ።

ወሬው ከመኝታ ክፍላችን በደረሰ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ያመጣባቸው ምግቡ ነው፤ ዘይቱ፣ ማዳበሪያው» አለ። ሌላው ወገን «ካንሰርንና ምግብን ምን አገናኛቸው?» ሲል መለሰ። ሁለቱም የጮኹትን ያህል ማስረጃ አልነበራቸውምና ጥቂት ሌሊቶች በቤተ መጻሕፍት አሳልፈን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንቁልጢ በማሕፀን ግራና ቀኝ ያለች፣ የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ክፍል ናት። በየወሩ አንድ እንቁላል ስትለቅ ገጽዋ ይቀደዳል፣ ተመልሶም ይጠገናል። በ1971 መሐሙድ ፈታላ የተባሉ የግብፅ ሐኪም ይህን ማብቂያ የሌለው መቀደድና መጠገን ተመልክተው፣ ካንሰሩ የሚነሣው ከዚሁ ይሆን? ሲሉ ጠየቁ። እርግዝናና ማጥባት እንቁላሉን ለጊዜው ስለሚያቆሙት፣ ብዙ የወለደችና ያጠባች ሴት አደጋዋ ያንሳል ማለት ነው። ዛሬ ብዙው ዕጢ በእርግጥ ከመተላለፊያው ቱቦ ጫፍ እንደሚነሣ ታውቋል፤ የፈታላ አሳብ ግን እስካሁን አልወደቀም። በ2008 ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ 45 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ እንቁላል እንዳይለቀቅ የሚያግደው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን አምስት ዓመት በተወሰደ ቁጥር አደጋውን በአንድ አምስተኛ ያህል ሲቀንስ ተገኝቷል።

ዶሮም በዚህ ነገር ውስጥ አለችበት። ያለ ዕረፍት ዕለት ዕለት የምትጥል ዶሮ፣ ማንም ሳይነካት፣ በገዛ ራስዋ የእንቁልጢ ካንሰር ይይዛታል። ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ በመንገዱ ዳርና ዳር የዶሮ እርባታ ሞልቶ ሳለ ከመካከላችን ይህን ቀድሞ የሰማ አንድም አልነበረም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ተመራማሪዎች ለአሮጊት ዶሮዎች ከቀለባቸው አንድ አሥረኛውን ተልባ አድርገው ዓመት ሙሉ ቢመግቧቸው፣ ወደ ኋለኛው ደረጃ የደረሰ ዕጢ ቀንሶ አገኙ፤ ይህም በ2010 ታትሟል። እንግዲህ የአክስታችን ተልባ ከነገሩ ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። ዳሩ ግን ዶሮ ሴት አይደለችም፤ በሴቶች ላይ ተልባ እንዲህ እንደሚያደርግ የተረጋገጠ ነገር የለም። የበቀለውን ዕጢ ተልባ ያጠፋዋል የሚል ቢኖር ደግሞ ከእርሱ መራቅ ነው።

በሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ እጅግ ወላዋይ ነው። በ2007 ከሆላንድ የወጣ ጥናት ድንችና የመሳሰለው ሲጠበስ የሚፈጠረውን አክሪላማይድ የተባለ ነገር ከዚህ ካንሰር ጋር አያያዘው፤ በኋላ ሌሎች ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ግን ግንኙነቱ አልጸናም። (የድንች ጥብስ ወዳጆች ይህን በደስታ ሲያነቡ ታይተዋል።) ከሁሉ የሚጠነክረው፣ በአሜሪካ 48,835 የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች በዕጣ ለሁለት የተከፈሉበት ነው። አንደኛው ወገን ቅባት ቀንሶ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል እንዲያበዛ ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ልዩነት አልታየም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቅባት በቀነሱት ዘንድ የእንቁልጢ ካንሰር አንሶ ተገኘ። የታመሙት ቁጥር ጥቂት ስለ ነበረ በአንድ ጥናት ብቻ መማል አይቻልም። ከልክ ያለፈ ውፍረት አደጋውን በመጠኑ ከፍ እንደሚያደርግ አብዛኛው ሊቅ ይስማማል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ውርስ ነው፤ ብራካ አንድ የተባለው ዘር ተበላሽቶ የተወለደች ሴት ከመቶ አርባ የሚደርስ አደጋ ሲኖርባት፣ የሌላዪቱ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ምግብ በዚህ በሽታ ላይ ያለው ሥልጣን ትንሽ ነው። የእኛ አገር ችግር ይልቁንም ምግቡ ባልሠራው ኃጢአት መከሰሱ ይመስለናል።

መልካሳ የቦሎቄ አገር ነው። በ1969 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማዕከል ለቆርቆሮ ምግብ ወደ ውጭ የሚላከውን ነጩን «አዋሽ አንድ»ን፣ ለቤት የሚሆነውን ቀዩን «ናስር»ንም ለገበሬው ያደረሰ ነው። ቦሎቄ ሆድ መንፋቱ እውነት ነው። አንጀታችን ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለበት፤ ያም ሳይፈጭ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ በዚያ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት አፍልተው አየር ያደርጉታል። እናቶቻችን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን የሚደፉት ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ ንፋት ከተበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ማታ ወይም በማግሥቱ ይሄዳል። የዕጢው ንፋት አይሄድም። ቦሎቄው ከተተወ በኋላም ይቆያል፣ ቀበቶ ያስለቅቃል፣ በሁለት ጉርሻ ያጠግባል፣ ከእንብርት በታች ያማል፣ ሽንትንም ቶሎ ቶሎ ያስመጣል። በ2007 አሜሪካውያን ሐኪሞች ያወጡት ልክ እንዲህ ይላል፦ የሆድ መነፋት ወይም መጨመር፣ የሆድ ወይም የዳሌ ሕመም፣ ቶሎ መጥገብ ወይም መብላት አለመቻል፣ ከእነዚህ አንዱ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው በወር ከ12 ቀን በላይ ቢደጋገም ሊመረመር ይገባል። እንዲህ የሚያማት ሴት ሁሉ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የላቸውም።

ጤነኛ ሴቶችን ሁሉ አስቀድሞ መርምሮ ማዳን በተቻለ ነበር የሚል ይኖራል። በእንግሊዝ አገር ከ200,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ሞትን አልቀነሰም። እንግዲህ የቀረው ምልክቱን አለመናቅ ነው። በአሜሪካ መዝገብ እንደሚታየው፣ ዕጢው ከእንቁልጢ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት አምስት ዓመት ይኖራሉ፤ ወደ ሩቅ ከተሠራጨ ግን ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ብቻ።

ሌላም የሚያሳስበን አለ። በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኦሮሚያ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.4 ልጅ ስትወልድ፣ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። የክፍል እኅቶቻችን ከእናቶቻቸው ያነሰ ይወልዳሉ፤ መልካም ነው፣ ውለዱ የምንል አይደለንም። ግን ፈታላ ልክ ከሆኑ እንቁልጢያቸው ከእናቶቻቸው ይልቅ ብዙ ወር ይሠራል። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በኋላ በሽታው ሲበዛ በፓስታውና በዘይቱ እንዳይመካኝ እንፈራለን።

አክስታችን አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው መድኃኒቱን በየሦስት ሳምንቱ ይወስዳሉ። በስልክ ስናገኛቸው ሴት ልጃቸውም ትመርመር እንደ ሆነ ጠየቁን፤ ይህ የውርስ ጥያቄ ስለ ሆነ ለሐኪማቸው እንዲያቀርቡት ነገርናቸው። ልጅቷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ከታመሙ ወዲህ ቦሎቄ በአፌ አይዞርም ብላ አምጻለች አሉን።