ክትባትና በረዶ
ውሻችንን ወይም ድመታችንን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ለማስከተብ ወደ ሰፈራችን የእንስሳት ክሊኒክ ስንወስድ፣ ዓይናችን መርፌው ላይ እንጂ ማቀዝቀዣው ላይ አያርፍም። ክትባቱ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት።

መብራት ሲጠፋ ደራሹ በረዶ ነው፤ 1 ኪሎ ግራም በረዶ በ0 ዲግሪ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይመጣል (ተማሪዎቻችን ቁጥሩን ያውቁታል)። ይሁንና ከማቀዝቀዣ ገና የወጣ በረዶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ብልቃጡን ከነካ ክትባቱን ራሱን በረዶ ያደርገዋል። በአንዳንዶቹ ክትባቶች ውስጥ የሚገኘው የአሉሚኒየም ውሁድ ያን ጊዜ ይጓጉላል፤ መልሶ ቢቀልጥም እንደ ነበረው አይሆንም። ስለዚህም ጠንቃቃ ባለሙያ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ሲነቀንቁት የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ይጠብቃል።

በተበላሸ ክትባት የተወጋ ውሻ ካርዱ ላይ «ተከትቧል» ተብሎ ይጻፍለታል። በሽታው ግን ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለውም ለማለት ያስደፍራል።