የወፍጮ ቺንጋ ለምን ይንሸራተታል?

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ የመንደሩን ወፍጮ ቆሞ አገኘነው። ባለወፍጮው ቺንጋው በተንሸራተተ ቍጥር ሞተሩን ወደ ኋላ እየሳበ ሲያጠብቅ ሰንብቶ በመጨረሻ የወፍጮው ኩሽኔታ ተሰበረ። ሌላ ኩሽኔታ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ከእናቶቻችን ከፊሎቹ እህል ተሸክመው ወደ ሩቅ ወፍጮ ሄዱ፤ ከፊሎቹም ወደ እጅ ወፍጮ ተመለሱ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆንም ነገሩ ስላሳዘነን፤ ሊጠግን ከመጣው መካኒክ ጠይቀን የተረዳነውን ለጓደኞቻችን ለመግለጽ ወደድን።

በመጀመሪያ የቺንጋን አሠራር እንመልከት። ቺንጋ የሞተሩን ኀይል ተቀብሎ ለወፍጮው ፑሌጃ የሚያደርሰው በጥርስ ሳይሆን በሰበቃ ነው። በብዙ ወፍጮ ቤት የሚገኘው ቺንጋ ከላይ ሰፊ፤ ከታች ጠባብ ሆኖ እንደ ሽብልቅ የተሠራ ነው። ስለዚህ ፑሌጃውን የሚይዘው በሁለቱ ጐኖቹ ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። አንባቢ ይህን ከያዘ የቀረው ሁሉ ይቀልለታል።

የመንሸራተት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ሞተሩ ሲነሣ ወይም እህል ሲበዛበት ቺንጋው ይጮኻል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ በፑሌጃው ዙሪያ ጥቍር ብናኝ ይታያል፤ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ወፍጮው ይደክማል። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ መላላት። አዲስ ቺንጋ በሥራ ላይ ጥቂት ስለሚለጠጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደገና መታየት አለበት።

2ኛ/ ማለቅ። ጐኑ ተበልቶ ካብለጨለጨና ሆዱ የፑሌጃውን ቦይ ወለል ከነካ ሽብልቅነቱ ቀርቷል። ምንም ያህል ቢያጠብቁት አይዝም፤ መድኀኒቱ መለወጥ ብቻ ነው። ሦስት አራት ቺንጋዎች ጐን ለጐን የሚሠሩ ከሆነም ሁሉም በአንድነት ይለወጣሉ፤ አለዚያ ያልተለጠጠው አዲሱ የሁሉን ሸክም ብቻውን ይሸከማል።

3ኛ/ ዘይት ወይም ግራሶ መንካት። ዘይቱ የሚፈስበት ሳይደፈን ማጥበቅ ከንቱ ድካም ነው።

4ኛ/ የፑሌጃዎች በአንድ መስመር አለመቆም። ይህ በሲባጎ ይታወቃል። ሲባጎውን በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ወጥረው ሲይዙት የሁለቱንም ጠርዝ ግራና ቀኝ እኩል መንካት አለበት።

5ኛ/ ከመጠን ያለፈ ሸክም። እርጥብ እህል ወይም የታፈነ ወፍጮ ደኅናውንም ቺንጋ ያንሸራትተዋል።

ጥፋቱ መላላት ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ማስተካከሉ እንደሚከተለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ከሆነም መብራቱ ከማብሪያው ይቋረጣል። በሚዞር ቺንጋ አጠገብ እጅ መስደድ ወይም ነጠላ ማንዘርፈፍ ነፍስ ያስጠፋል። ከዚያ የሞተሩን እግር ያሰሩት ቡሎኖች ይላላሉ፤ ሞተሩም ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው የቺንጋ ርዝመት 1 ሜትር ከሆነ፤ መካከሉን በአውራ ጣት ጫን ሲሉት 16 ሚሊሜትር ያህል መጕበጥ ይገባዋል፤ ግማሽ ሜትር ከሆነ 8። በመጨረሻ መስመሩ በሲባጎ ታይቶ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ መከለያው ወደ ቦታው ሳይመለስም ሞተሩ አይነሣም። አዲስ ቺንጋ የሚገባ ከሆነ ሞተሩን ወደ ፊት ማቅረብ ነው እንጂ በካቻቪቴ መፈንቀል አይገባም፤ በውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል።

ከመጠን በላይ የጠበቀ ቺንጋ ሁለቱን ዘንጎች እርስ በርሳቸው ስለሚስብ ኩሽኔታውን ያግለዋል፤ ኋላም ይሰብረዋል። በመንደራችን የሆነውም ይኸው ነው። መካኒኩ ቺንጋውን አውጥቶ ሲገለብጠው ሆዱ በቦዩ ወለል ተፍቆ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። አልቆ ነበር እንጂ አልላላም። ባለወፍጮው ሰነፍ አልነበረም፤ ሌሊት ሳይቀር ሲያጠብቅ ያደረ ብርቱ ሰው ነው። የጐደለው መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት «ለምን ተንሸራተተ?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

እንግዲህ በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናዳምጥ። ቺንጋው የሚጮኽ ከሆነ ለባለወፍጮው፤ ሞተሩን አጥፍተህ ሆዱን እየው እንበለው።