ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃም

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ ለእራት እንደማይበቃ እያወቀ ስለ ምን ያቦካል? ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያሰብነው፣ በዛሬው ዘመን የጨዋታ ሊጥ የሚያቦኩት ሕፃናት ብቻ ሳይሆኑ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶችና ደመወዝተኞችም ጭምር መሆናቸውን ስላየን ነው።

እኛ ያደግነው በስማዳ፣ በወገዳ ነው። ከብት ስንጠብቅ በምንውልበት መስክ ላይ መንደር እንቆረቁር ነበር። ድንጋይ ደርድረን ቤት እንሠራለን፤ ከጭቃ በሬ እናበጃለን፤ ከማሽላ አገዳ ሞፈርና ቀንበር እናወጣለን። ሴቶቹ ልጆች በገል ላይ የጭቃ እንጀራ ይጋግራሉ። አንዱ ቄስ ሆኖ ሙሽሮችን ያጋባል፤ ሌላው ዳኛ ሆኖ «በሬህ ማሳዬን በላብኝ» የሚለውን ክስ ይሰማል። ማታ ከብቱ ሲገባ መንደሩ ይፈርሳል፤ በማግሥቱ እንደ ገና ይሠራል። አንድም ቀን ሰልችቶን እንደ ነበር ትዝ አይለንም።

ይህን የልጅነት መንደር ያስታወሰን በአዲስ አበባ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ያየነው ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችንን ልንጠይቅ ሄደን፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ «አንድ ጊዜ፣ ድንቹን ላጠጣ» አለን። ድንቹ ያለው በስልኩ ውስጥ ነው። ጨዋታው ስታርዱ ቫሊ ይባላል፤ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ አራት ዓመት ያህል ብቻውን ደክሞ የሠራውና በ2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ነው። የጨዋታው ባለታሪክ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሠራተኛ ነው። ኑሮው ባንገሸገሸው ዕለት አያቱ የተዉለትን ደብዳቤ ይከፍታል፤ በደብዳቤውም የአያቱ እርሻ ለእርሱ መሰጠቱን ያነብባል። ከዚያ በኋላ ሥራው ድንጋይ መልቀም፣ ማረስ፣ መዝራት፣ ዶሮ ማርባት፣ ከጎረቤት ጋር መወዳጀትና ትዳር መያዝ ነው።

የጨዋታው ድንች በስድስት ቀን ይደርሳል። ድንቹን ሦስት አራት ወር የሚጠብቅ የጋይንት ገበሬ ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም።

እንደዚህ ያሉት የኑሮ ጨዋታዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ዘ ሲምስ ነው። ደራሲው ዊል ራይት በ1991 እ.ኤ.አ. በኦክላንድ ከተማ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ቤቱን ከነዕቃው አጣ። ኑሮውን እንደ ገና ለማቋቋም ዕቃ ሲገዛ፣ ለሰው በእርግጥ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚያስደስተው ማሰብ ጀመረ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ጨዋታ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰው ይራባል፤ ይደክማል፤ ገላውን ካልታጠበ ይቆሽሻል፤ ወዳጅ ካጣ ያዝናል። የሚገደል ጠላት የለም፤ «አሸነፍህ» የሚባልበት መጨረሻም የለም። ቢሆንም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ከተሸጡት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሁሉ በለጠ።

እንግዲህ ሰው የዕለት ኑሮው ሳይበቃው ሌላ ኑሮ የሚጨምርበት ስለ ምንድን ነው? እኛ ሦስት ምክንያት ይታየናል።

አንደኛው፣ በጨዋታው ዓለም ድካምና ፍሬ አይለያዩም። ያጠጣ ያጭዳል፤ የሠራ ይሾማል። በመሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ሲመላለስ የከረመ ሰው የዚህን ጣዕም ያውቃል።

ሁለተኛው፣ ስሕተት ሰውን ጨርሶ አይጥልም። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ሰዉን ሁሉ በየቤቱ በዘጋበት ወራት የወጣውና በዓለም ዙሪያ እጅግ የተወደደው አኒማል ክሮሲንግ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ጨዋታ ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘብ ይበደራል፤ ዳሩ ግን ብድሩ ወለድም የመክፈያ ቀን ገደብም የለበትም። የቤት ኪራይ ሊከፍል ሁለት ቀን የቀረው ወጣት ይህን ሲያይ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጨዋታው ሰውን የቤት ባለቤት ያደርገዋል። እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲደረግ እኛ ገና አልተወለድንም ነበር። ከዚያ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት ተስፋው በአብዛኛው የወላጆቹ ማሳ ነው። ያም ማሳ ለወንድማማቾች ሲከፈል ጥማድ በሬ ገብቶ ለመዞር የማይበቃ ይሆናል። ስለዚህ ከጋይንትም፣ ከእስቴም፣ ከስማዳም ወጣቱ ተምሮ ወይም ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል። ባልደረባችን የላይ ጋይንት ልጅ ነው። «የአያቴ መሬት ለአምስት ሰው ተከፋፍሏል፤ ለእኔ የደረሰኝ ይኸኛው ነው» ብሎ ስልኩን አሳየን። ቀልዱ አሳቀን፤ ከሳቅን በኋላ ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

ይህን ስንል ጨዋታው ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። ድንቹን ሲያጠጣ ሌሊቱን አጋምሶ በማግሥቱ በሥራው ላይ የሚያንቀላፋ ሰው አይተናል። የስልኩን ጎረቤት ልደት እያስታወሰ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወር የሚያልፍበትም አይታጣም። የመስኩ መንደራችን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ማታ ይፈርሳል፤ እኛም ወደ እውነተኛው ቤት እንገባለን። የስልኩ መንደር ግን አይመሽበትምና «በቃኝ» ማለት ያለበት ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ነገር ግን የሚጫወተውን ወጣት ሁሉ ሥራ ፈት ብሎ መዝለፍ ፍርድ አይሆንም። ስንፍና ቢሆንማ ኖሮ ከሥራ ውሎ ሲገባ ሌላ እርሻ ባላረሰ ነበር! የሚመኘው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ማሳና ሰላምታ የሚሰጥ ጎረቤት ነው። በየወረዳውና በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ይህ በወረቀት ያልተጻፈ አቤቱታ ነው፤ ነገ ማመልከቻ ይዞ ከፊታችሁ የሚቆመው ይኸው ሰው ነውና ፋይሉን አታዘግዩበት። እናንተም ተማሪዎች፣ ስትጫወቱ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚላችሁ የትኛው እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ መትከሉ ነው? መገንባቱ ነው? ሰው ማስታረቁ ነው? ምናልባት ልትይዙት የሚገባችሁ ሥራ እርሱ ይሆናል።

በወገዳ መስክ የጭቃ እንጀራ ይጋግሩ ከነበሩት ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ እናቶች ሆነው እውነተኛውን እንጀራ ይጋግራሉ። ያን ጊዜ ያቦኩት ለእራት አልበቃም፤ እጃቸውን ግን ያፍታታው እርሱ ነው።