ዶት አፍሪካ ከሶፊያ በቀለ እጅ እንዴት አመለጠ? መንግሥታት «እንመክራለን» ሲሉ

ሰሞኑን ከሬገን ኤርፖርት የጫንኩት ሐበሻ ስልኩ ላይ መጨረሻው ዶት አፍሪካ የሆነ አድራሻ አየና «ይሄ ያቺ የኛ ልጅ የጀመረችው አይደል እንዴ?» አለኝ። የጀመሩትስ እሳቸው ናቸው፣ የያዘው ግን ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያ ቅርብ ስለሆነች ሳልጨርስለት ወረደ። ለእናንተ ልጨርሰው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

እንደ ዶት ኮም ያሉትን የአድራሻ መጨረሻዎች የሚያድለው አይካን የሚባል፣ ካሊፎርኒያ ያለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በ2012 አዲስ መጨረሻ የፈለገ ሁሉ 185,000 ዶላር ከፍሎ እንዲያመለክት በር ከፈተ። መንግሥታት አይካን ውስጥ ቃላቸውን የሚያሰሙት ጋክ በሚባል አማካሪ ኮሚቴ ነው። አማካሪ መባሉ አያታልላችሁ። አንድም አባል ሳይቃወም «ይሄ ማመልከቻ ይቅር» ካለ፣ ቦርዱ ይቀበለዋል ተብሎ ነው የሚገመተው። የአህጉር ስም ሲሆን ደግሞ ተጨማሪ አለው፦ ከአህጉሩ መንግሥታት 60 በመቶው መደገፍ አለባቸው፣ በጽሑፍ የሚቃወምም ከአንድ መብለጥ የለበትም።

ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ፣ ዶት ኮኔክት አፍሪካ በሚባለው ድርጅታቸው በኩል፣ በ2009 ከአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የድጋፍ ደብዳቤ አገኙ። በ2010 ኮሚሽኑ ደብዳቤውን ሳበ። ቆይቶ ራሱ ጨረታ አወጣና አንድ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት መረጠ። በ2012 ሁለቱም አመለከቱ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ የጋክ አባል ሆነ። የአንዱ ተወዳዳሪ ደጋፊ፣ ሌላውን የሚመዝኑት መሃል ተቀመጠ ማለት ነው። የእድር ስብሰባ ላይ እንኳ ቢሆን «አንተ ለጊዜው ውጣ» ይባላል።

ኤፕሪል 2013 ቤጂንግ ላይ ጋክ የሶፊያ ማመልከቻ እንዳይቀጥል መከረ። ለምን? አልተጻፈም። ጁን ላይ ቦርዱ ተቀበለው።

ሴትዮዋ ግን የዋዛ አልነበሩም፤ አይካንን ገለልተኛ ዳኞች ፊት አቆሙት። ሜይ 2015 ችሎቱ የተቀመጠው እዚሁ ዲሲ፣ እኛ ታክሲ ስንነዳ ከድልድዩ ማዶ ነበር። የጋክ ሊቀመንበር የነበሩት ካናዳዊቷ ሄዘር ድራይደን ቀርበው ኮሚቴው ለምክሩ ምክንያት እንዳልሰጠ መሰከሩ። ጁላይ ላይ ዳኞቹ ለሶፊያ ፈረዱ፦ ቦርዱ ሳያጣራ መቀበሉ የራሱን ደንብ መጣስ ነው፣ የችሎቱንም ወጪ አይካን ይክፈል።

ታዲያ ስሙን አገኙ? አላገኙም። ማመልከቻው እንደገና ሲታይ የ60 በመቶው ድጋፍ ተጠየቀ፤ የተሳበው የ2009 ደብዳቤ አላዳናቸውም። ፌብሩዋሪ 2017 ዶት አፍሪካ ለደቡብ አፍሪካው ድርጅት ተከፈተ። የሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤትም በ2019 በአይካን በኩል ወሰነ። ምክንያቱ ጉድ ነው፦ በመጀመሪያው ክርክር «እኛ ፍርድ ቤት መሄድ አንችልም፣ ስለዚህ የእናንተ ውሳኔ አስገዳጅ ይሁንልን» ብለው ነበርና፣ አሁን ተመልሳችሁ መክሰስ አትችሉም ተባሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ የአህጉር ስም የአንድ ድርጅት ይሁን አልልም፤ መንግሥታት ይጠየቁ። ምክንያት ሳይጽፉ ሰው ማገድ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ከ2016 ጀምሮ የአይካን ደንብ አማካሪዎች ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ያዛል። መንግሥታት በሙሉ ስምምነት የሰጡትን ምክር ለመጣል ግን ከቦርዱ 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። እዚህ አርሊንግተን ጎረቤታችን የሆነው አማዞን እንኳ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ እያለው፣ ብራዚልና ፔሩ ስለተቃወሙት በ2012 ያመለከተበትን የራሱን ስም ያገኘው በ2020 ነው።

አሁን በአዲሱ ዙር ዋጋው 227,000 ዶላር ደርሷል። ማኅበር አቋቁማችሁ ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ፦ ዶት ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ለማንም አይሰጥም፣ የአገር ስም ክልክል ነው። ዶት አዲስ አበባ ወይም የክልል ስም ከሆነ የመንግሥት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ደግሞ እንዳያችሁት ይሳባል።